ጨዋታና እምቢታ

በገና ሰሞን በሰቆጣ ዙሪያም ሆነ በሌላው የዋግ ደጋ ወጣቶች ሩሯን በዱላ ሲያሳድዱ ጌታም ቢሆን በጨዋታው አይቆጣም ይባላል። የአባቶቻችን ፍርድ ጥልቅ ነው፤ በሜዳው ላይ የማዕረግ ልዩነት ለጊዜው ይሻራልና። ታዲያ አንዱ ወገን «ልዩነቴን እንደ ያዝኩ ልጫወት» ብሎ ቢመጣ አብሮት መሰለፍ ይገባልን?

ለዚህ ጥያቄ በተግባር መልስ ከሰጡት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወልደው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ከ20 ዓመት በላይ ተጫውተዋል፤ ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣም አሠልጣኟ እርሳቸው ነበሩ። እኛን የሚያቆመን ግን የካርቱሙ ጉዳይ ነው።

በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲሰናዳ ተካፋዮቹ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ እንዲሆኑ ታስቦ ነበር። የደቡብ አፍሪካ ማኅበር ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አልልክም አለ። ሦስቱ አገሮችም አይሆንም አሉ። «ጥቁሮቹ ብቻቸውን ቢመጡስ ምን ነበረበት?» የሚል ይኖራል። በደሉ ግን መለያየቱ ራሱ ነበረ፤ ያን ቡድን መቀበል የለያዩትን እጅ ማጽደቅ በሆነ ነበር። ያም ሆኖ ዋጋውን በደል የሌለባቸው ተጫዋቾች እንደ ከፈሉ መካድ አይገባንም።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። በዕጣው ከደቡብ አፍሪካ ጋር የተመደበችው ኢትዮጵያ ስለ ነበረች ያለ ጨዋታ ለፍጻሜው አለፈች። ከእምቢታው ተጠቀምን ማለት ነው። መልካም ሥራን ጥቅም ቢከተለው ንጽሕናው ይጎድላልን? አይጎድልም እንላለን፤ ሆኖም እውነተኛነቱ የሚፈተነው ጥቅሙ ካለፈ በኋላ ነው። ጥቅሙም ፈጥኖ አለፈ፤ በፍጻሜው ግብጽ 4 ለ 0 አሸነፈችን። አቶ ይድነቃቸው ግን በአቋማቸው ጸኑ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሟገቱ ፊፋ በ1968 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን አስወጣ። ከዚህኛው ለኢትዮጵያ ቡድን የሚተርፍ አንዳች ትርፍ አልነበረም።

እርሳቸው በነሐሴ 1979 ዓ.ም. ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ በ1984 ዓ.ም. ወደ ውድድር ተመለሰች፤ በ1988 ዓ.ም. ዋንጫውን በአገሯ ስታነሣ ነጩና ጥቁሩ በአንድ መለያ ተሰልፈው ነበር።