«ያወጣል?»፦ ስለ ማርሚታ፣ ስለ ፍሬንና ስለ ዋጋ

አማርኛ ለዋጋ የሰጠን ግሥ ተንኮለኛ ነው። «ስንት ያወጣል?» ብለን ስንጠይቅ ሻጩ ቁጥር ይነግረናል፤ አለቀ። «ይህን ያህል ያወጣል እንዴ?» ስንል ግን ሻጩ ሊመልስልን አይችልም። ጥያቄው ወደ ራሳችን ዞሯል። ሁለቱም በአንድ ቃል ስለሚጠሩ አንዱን ስንመልስ ሌላውንም የመለስን ይመስለናል።

እስቲ ነገሩን በአንድ ዕቃ እንየው፤ በመኪና። መኪናዋን ራሷን ማለቴ ግን አይደለም። ከፋብሪካ ከወጣች በኋላ የበለጠ እንድትሮጥ፣ የተሻለ እንድትቆም ወይም እንድታጓራ ተብሎ ስለሚገጠምላት ውድ ዕቃ ነው የማወራው፦ የብሬምቦ ፍሬን፣ የኤችኬኤስ ቱርቦ፣ የኬ ኤንድ ኤን የአየር ማጣሪያ፣ ስም ያለው ማርሚታ፣ ቀላል ቸርኬ። መኪና ሞዲፋይ ማድረግ የሚወድ ጓደኛ ያለው ሰው ክርክሩን ያውቀዋል። አንዱ «ብር ማቃጠል ነው» ይላል፤ ሌላው «አንተ አይገባህም» ይላል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ልክ ናቸው፤ ችግሩ ስለ አንድ ነገር እያወሩ አለመሆናቸው ነው።

በእኔ እይታ «ያወጣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ተደራርበዋል። ዕቃው በእውነት ምን ይሠራል? የምንገዛው ለምን ብለን ነው? ሒሳቡንስ የሚከፍለው ማን ነው? የመጀመሪያውን ፊዚክስ ይመልሰዋል። ሁለተኛው የልብ ጉዳይ ነው። ሦስተኛው የፍትሕ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው።

ዕቃው ምን ይሠራል?

ሞተር ይተነፍሳል። ቤንዚን ያለ አየር አይነድም፤ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም ይሳሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን፣ አንዳንዴም ሩቡን ገደማ ያጣል። ፋብሪካው 70 የፈረስ ጉልበት አላት ብሎ የሸጣት ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ የሽሮ ሜዳን ዳገት የምትወጣው በ55 ገደማ ወይም ከዚያም ባነሰ ነው።

ችግሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ የአውሮፕላን ሞተር ይዞ አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ወዳለው የፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ፣ 4,300 ሜትር ገደማ ላይ ወጣ። ሞተሩ ስሱ አየር ላይ ያጣውን ጉልበት ቱርቦ ሲገጠምለት መልሶ አገኘው። ስለዚህ ደጋ አገር ላይ ቱርቦ ምን እንደሚሠራ ለማስረዳት ብዙ ማውራት አያስፈልግም።

ማጣሪያና ማርሚታ ብቻ መለወጥ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ቱርቦ የሌለው ትንሽ ሞተር ላይ፣ ሁሉ ነገር ከተሳካ፣ የሚጨምሩት ጥቂት በመቶ ነው። ያችው ቪትዝ አንድ ብሎን ሳይነካባት ወደ አዳማ ብትወርድስ? አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከአየሩ ብቻ ከአምስት በመቶ በላይ ጉልበት ታገኛለች። በሌላ አነጋገር፣ በፈጣን መንገዱ ኬላ ላይ የምትከፍሉት ብር ከማርሚታው ጋር እኩል ወይም የተሻለ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። (መመለሻው ላይ ይነጠቃል እንጂ።)

ፍሬን ላይ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ «ትልቅ ፍሬን ሕይወት ነው» የሚለው ሰው መነሻ አለው። ግን መኪናን መጨረሻ ላይ መሬት ላይ የሚይዛት ጎማው ነው። ነባሩ ፍሬን ጎማውን ቀጥ አድርጎ ማቆም የሚችል ከሆነ፣ ትልቅ ካሊፐርና ዲስክ መግጠም አንድ ጊዜ ድንገት ስትይዙ የምትቆሙበትን ርቀት እምብዛም አያሳጥረውም። ትልቁ ፍሬን የሚያግዘው ሙቀትን በመቻል ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ልዩነቱ የሚታየው እንደዚያ ያለ ቦታ ነው።

እዚያም ቢሆን ከካሊፐሩ በፊት የሚጠየቅ ርካሽ ጥያቄ አለ፦ የፍሬን ዘይቱ መቼ ተቀየረ? ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም። እርጥበት እየሳበ ሲያረጅ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛው ልክ 155 ብቻ ነው። ያረጀ ዘይት የያዘ ውድ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ያሳፍራል። በከባድ ማርሽ መውረድ ደግሞ በነጻ ነው።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ከመኪናም ያልፋል። ውድ ዕቃ የሚያወጣው የምትደክሙበት ቦታ ላይ ሲገጠም ነው። የምትደክሙበትን ለማወቅ ደግሞ ብር አይጠይቅም፤ ትንሽ ትሕትና ነው የሚጠይቀው። ብዙዎቻችን የሚያምረንን እንገዛለን እንጂ የጎደለንን አንመረምርም። ጂም ሳይሄድ ውድ ስኒከር የገዛ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ስሙን ነው የምንገዛው?

ሶማሌ ተራ ሄዶ ዕቃ የጠየቀ ሰው ወዲያው የሚመለስለት ጥያቄ «ኦርጅናል ነው ኮፒ?» የሚል ነው። ልዩነቱን በዓይኑ አይቶ የሚለይ ገዢ ስንት ነው? የፍሬን ሸራ በሳጥኑ ውስጥ ሁሉም ይመሳሰላል።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ይህንኑ ነገር ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርጎ ጻፈበት። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለጥሩው ዕቃ የሚገባውን ዋጋ አይከፍልም። ጥሩ ዕቃ የያዘው ሻጭ «በዚህስ አልሸጥም» ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ለመጥፎው ይቀራል። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት አንዱ ነው። ታዋቂ ስም ከዚህ ወጥመድ መውጫ አንዱ መንገድ ነው። ብሬምቦ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ በጣሊያን ቤርጋሞ አካባቢ ሲሠራ ኖሯል፤ ስሙን የሚያበላሽ ዕቃ ቢያወጣ የሚከስረው ብዙ ነው። ስለዚህ ለስም የምንከፍለው ተጨማሪ ብር ሁሉ ከንቱ አይደለም። ከብረቱ ጋር የተደረገውን ፈተናና የሚጠየቅ ባለቤት እንገዛለን።

ችግሩ ስምም ኮፒ መደረጉ ነው። ሳጥኑ ይታተማል፣ አርማው ይለጠፋል። ያኔ ገዢው የኦርጅናል ዋጋ ከፍሎ ኮፒ ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ተማምኖ መንዳቱ ነው። ርካሽ ፍሬን መግጠሙን የሚያውቅ ሰው ቁልቁለት ላይ ይጠነቀቃል። ምርጡን ገጥሜያለሁ ብሎ የሚያምን ግን ይረግጣል። ስለዚህ ከማን እንደሚገዛ የማያውቅ ሰው ለስም ባይከፍል ይሻለዋል። የሚታመን መካኒክ ከሚታመን ብራንድ ይቀድማል።

ለጌጥስ ቢሆን?

እሺ፣ ቁጥሩ አያወጣም አለን እንበል። ነገሩ በዚህ ያልቃል? አያልቅም።

በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። ፈረሶቹ በቀለም ባሸበረቀ ኮርቻና ልጓም አጊጠው ይወጣሉ። ቆሞ የሚያይ ሰው «ይህ ጌጥ ፈረሱን በሰዓት በስንት ኪሎ ሜትር ያፈጥነዋል?» ብሎ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅ የሚሳቅበት እሱ ነው። የእኛ ሰው ተሸካሚውን መውደድ ትናንት ከፊልም ላይ የተማረው ነገር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለው የተጠሩት በፈረሳቸው ስም ነው። ሁለት ዓመት ቆጥቦ ለመኪናው ቸርኬ የገዛን ወጣት «አእምሮ የለውም» ከማለታችን በፊት ይህን ብናስታውስ ጥሩ ነው። ውበትም ጥቅም ነው፤ በፈረስ ጉልበት አይለካም እንጂ።

ያም ሆኖ ጌጥም ሕግ አለው። ተረታችን «ጌጥ ያለ ቤቱ ቁምጥና ነው» ይላል። ቃሉ ይሻክራል፤ ሐሳቡ ግን አርስቶትል በኒቆማኮሳዊ ሥነ ምግባሩ አራተኛ መጽሐፍ ከሚለው ጋር ይገናኛል። አርስቶትል ብዙ ማውጣትን አያወግዝም፤ እንዲያውም በአግባቡ ብዙ ማውጣትን ከመልካም ባሕርያት ይቆጥረዋል። ነውሩ የሚጀምረው ሰውየው ለነገሩ የሚገባውን ትቶ ሀብቱን ለማሳየት ብቻ ሲያወጣ ነው። የእንጅባራው ፈረስ ጌጡ የሚያምርበት መጀመሪያ ስለተመገበ፣ ስለተጠበቀ፣ ጋላቢውም መጋለብ ስለሚያውቅ ነው። ባለቀ ጎማ ላይ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ግን ጌጥ ያለ ቤቱ ነው።

እዚህ ላይ «ሰው በሚራብበት ዓለም ለማርሚታ ብር?» የሚል ይኖራል። ፈላስፋው ፒተር ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1972 ይህን ጥያቄ በኩሬ ውስጥ በሚሰምጥ ሕፃን ምሳሌ አስረድቷል፦ ልብሴ ይጨቀያል ብላችሁ ሕፃኑን አታልፉትም፤ ታዲያ ለማያስፈልጋችሁ ነገር ብር ስታወጡ ሩቅ ያለውን እያለፋችሁት አይደለም ወይ? ይህ በቀልድ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። ግን ማርሚታውን ብቻ ለይቶ አይመታም። የሠርጉን ሊሙዚን፣ አዲሱን አይፎን፣ የየዕለቱን ማኪያቶ ሁሉ ይመታል። ባለ ማርሚታው ቶሎ የሚወገዘው ወጪው ስለሚሰማ ነው፤ የእኛ ወጪ ድምፅ ስለሌለው ንጹሕ አይሆንም። ቢያንስ ግን አንድ ነገር ከሁላችንም ይጠበቃል፦ መጀመሪያ የሚገባንን መክፈል። የእናቱ መድኃኒት ወይም የእህቱ የትምህርት ቤት ክፍያ እየጠበቀው ቱርቦ የሚያዝ ሰው የገዛው በራሱ ብር አይደለም።

ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

አርስቶትል የትልቅ ወጪ ምሳሌ አድርጎ ያነሳቸው አብዛኞቹ ነገሮች የጋራ ናቸው፦ ለአማልክት የሚቀርብ ስጦታ፣ የጦር መርከብ፣ ለከተማው የሚደገስ ድግስ። አንዱ ከፍሎ ብዙዎች ይጠቀማሉ። ጩኸተኛ ማርሚታ ግን የዚህ ግልባጭ ነው። አንዱ ይደሰታል፤ ሰፈሩ ይከፍላል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ስታልፉ የነቃው ሕፃን፣ ነገ ፈተና ያለባት ተማሪ፣ ከሥራ አድራ የገባች ነርስ ለዚያ ዕቃ አልፈረሙም።

ከጩኸቱ የባሰም አለ። «መኪናዋ እንድትተነፍስ» ተብሎ ካታሊስቱ ተነቅሎ ይጣላል። ያ ዕቃ ካርቦን ሞኖክሳይድንና የናይትሮጅን ኦክሳይድን የመሳሰሉ መርዞች ከጭስ ማውጫው ሳይወጡ በፊት አብዛኛውን የሚያመክን ነው። ሲነቀል ባለመኪናው ጥቂት የፈረስ ጉልበት ያተርፍ ይሆናል። መርዙን የሚስበው ግን ከኋላ ታክሲ ሲጠብቅ የቆመው ሰው ነው።

በዚህ ሦስተኛ ጥያቄ ላይ «እንደ ሰው ይለያያል» የሚለው መልስ አይሠራም። የቀሩትን ሁለቱን እያንዳንዱ በኪሱና በልቡ ይመዝናቸው። ዋጋውን ሌላ ሰው እንዲከፍል የሚያደርግ ዕቃ ግን በነጻም ቢሰጥ አያወጣም።

የፈረስ ጉልበት ሲረክስ

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏ ተሰማ። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ አይተነፍስም፤ እንጦጦ ላይም አዳማም ላይ ጉልበቱ ያው ነው። ከቆመበት ሲነሳም ሙሉ ኃይሉን ወዲያው ይሰጣል። ጥቂት የፈረስ ጉልበት ለመጨመር በብዙ ብር ማርሚታ የገዛ ሰው አንድ ድምፅ የለሽ የቤተሰብ መኪና መብራት ላይ ጥላው ስትሄድ ማየቱ አይቀርም።

ይህ የመኪና ፍቅርን አይገድለውም፤ ሰበቡን ብቻ ነው የሚወስድበት። «ለፍጥነት ነው» ማለት ሲከብድ እውነተኛው ምክንያት ይቀራል፦ የያዙትን መንከባከብ። አገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ብዙ ዓመት መኖር ይጠበቅባቸዋል። ስለዚህ የሚያኖራት ዕቃ፣ ማለትም ጥሩ አሞርዛተር፣ ጥሩ ጎማ፣ ጥሩ የፍሬን ሸራ፣ ጤነኛ ራዲያተር፣ ከሚያስጮሃት ዕቃ የበለጠ ያወጣል። መጀመሪያ በደንብ ትቁም፣ ከዚያ መሬት ትያዝ፣ ከዚያ ትኑር፣ ከዚያ ትሩጥ፤ ብር ከተረፈ ደግሞ ታጊጥ፣ ማን ከልክሎ!

ሻጩ የሚነግራችሁ ቁጥር የዋጋው ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ከመክፈላችሁ በፊት መኪናችሁ ከኋላዋ የምትተወውን መንገድ ዞራችሁ እዩት። እዚያ የቆመ ሰው አለ፤ በዚህ ግዢ የሱ ድርሻ ምንድን ነው?