ሳይገባው የገለበጠው

ለንባብ ክበባችን የሚቀጥለውን መጽሐፍ የመምረጥ ተራው ደርሶኛል። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሲባል ፊታቸው የሚቀዘቅዝ ሁለት ሦስት ሰዎች አሉን። መንኮራኩር እንጂ ሰው የሌለበት ይመስላቸዋል። እኔ ይዤላቸው የምሄደው ግን የቁም ጸሐፊ ታሪክ ነው።

አሜሪካዊው ዋልተር ሚለር እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመው ነው። ርእሱ ወደ እኛ ቢመለስ «ማኅሌት ለሊቦዊትዝ» ይሆናል። ዓለም በኑክሌር ጦርነት ከነደደች በኋላ የተረፈው ሕዝብ በእውቀት ላይ ይነሣል። የተማረ ይገደላል፣ መጽሐፍ ይቃጠላል። ሊቦዊትዝ የሚባል የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ይመነኩስና መጻሕፍት የሚደብቁ፣ በቃላቸውም የሚይዙ መነኮሳትን ሰብስቦ፣ እሱ ራሱ በዚያው ይገደላል። ልብ ወለዱ የሚጀምረው ከዚህ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

በዩታ በረሃ፣ በዐቢይ ጾም፣ ገና በአመክሮ ላይ ያለ ፍራንሲስ የተባለ ወጣት ለብቻው ሱባኤ ይዟል። ከፍርስራሽ ሥር የድሮ ሰዎች ከኑክሌር ብናኝ የተሸሸጉበትን ጉድጓድ ያገኛል። በሩ ላይ የብናኙን ስም ሲያነብ በፍርሃት ይርዳል፤ በእሱ ዘመን ያ ቃል የጭራቅ ስም ሆኗልና። ውስጥ ካገኛቸው ወረቀቶች አንዷ ሊቦዊትዝ የጻፋት የአስቤዛ ማስታወሻ ናት፤ ሥጋ፣ ጎመን፣ ለኤማ የሚወሰድ ስድስት ዳቦ። ሌላው በሰማያዊ ወረቀት ላይ በነጭ መስመር የተሠራ የኤሌክትሪክ ንድፍ ነው። ምን እንደሆነ ፍራንሲስ አያውቅም፤ በገዳሙም የሚያውቅ የለም። እሱ ግን ብራና ላይ ይገለብጠው ጀመር። ዙሪያውን ሐረግ ጣለበት፣ በወርቅ ቀለም አስጌጠው። 15 ዓመት ፈጀበት።

እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ መጽሐፉን አጥፌ እቀመጣለሁ።

አያቴ ቤት፣ በማኅደሩ ሆኖ ከምሰሶው የሚሰቀል ዳዊት ነበር። አያቴ በልጅነታቸው ንባብ ቤት ገብተው ስለነበር ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ይደግሙታል። ትርጓሜ ለመማር መጽሐፍ ቤት መግባት ነበረባቸው፤ እርሻው አስቀራቸው። ስለዚህ የሚደግሙት ግእዝ ከጥቂቱ በቀር አይገባቸውም ነበር። ተማሪ ሳለሁ በዚህ አዝንላቸው ነበር። ያልገባውን ቃል ሰው እንዴት ዕድሜውን ሙሉ ይደግማል?

አሁን ሌላ ነገር ይታየኛል። አያቴ እንዳልገባቸው ያውቁ ነበር፤ ስለዚህም አንዲት ፊደል አይገድፉም። የገባው ሰው ያሳጥራል፣ ያሻሽላል፣ በመሰለው ቃል ይተካል። እኔ ራሴ የገባኝን ነገር ስንቴ አዛብቼ አስተላልፌያለሁ! ፍራንሲስ ግን አንዲቷን መስመር እንኳ ከቦታዋ ሊያነቃንቅ አይደፍርም።

ሥራውን ጨርሶ ዋናውንም ቅጂውንም ይዞ ወደ ፖፑ ሲጓዝ ሽፍቶች መንገድ ላይ ይጠብቁታል። ወርቅ የበራበትን ቅጂ ወስደው የደበዘዘውን ዋና ወረቀት ይተዉለታል። ፖፑም የቅጂው ውበት ዋናውን እንዳተረፈው ነግረው ያጽናኑታል። ይህ እውነት ነው ወይስ ማባበያ? በክበባችን መጀመሪያ እንድንነጋገርበት የምፈልገው ይህን ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብደኛል። ስድስት መቶ ዓመት ያህል አልፎ፣ በዚያው ገዳም መነኮሳት በጉልበታቸው እያሽከረከሩ የኤሌክትሪክ መብራት ያበራሉ። ሌላ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ያልፍና ሰው እንደገና ቦምቡን ይዟል፤ እንደገናም ይጥለዋል። ያ ሁሉ ብራና የተጠበቀው ለዚህ ነበር?

ሚለር ይህን የጠየቀው ከሩቅ ሆኖ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የበረራ ቡድን አባል ነበር። እ.ኤ.አ. የካቲት 15 ቀን 1944 ጣሊያን ውስጥ የሞንቴ ካሲኖ ገዳም ሲደበደብ ከዘመቱት አንዱ ነው። በስድስተኛው መቶ ዘመን የተመሠረተ ገዳም በአንድ ቀን ፈረሰ። መጻሕፍቱ ከወራት በፊት ወደ ሮም ተጭነው ስለነበር ተረፉ፤ እዚያ የተጠለሉት ሰላማዊ ሰዎች ግን ብዙዎቹ አለቁ። ሚለር ከጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ካቶሊክ ሆነ። የሚጽፈው ስለየትኛው ገዳም እንደሆነ የገባውም የልብ ወለዱ አበምኔት ፍርስራሽ ተጭኖት የተኛበትን ትዕይንት ሲጽፍ እንደነበር ኋላ ተናግሯል። እሱም ሳይገባው ሲገለብጥ ኖሯል ማለት ነው።

ያለን አንድ መጽሐፍ ብቻ ስለሆነ ትናንት የመጀመሪያውን ምዕራፍ ላስባዛ ፎቶኮፒ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ እንግሊዝኛውን አላየችውም፤ ገጹን እያገላበጠች ማሽኑ ላይ ታስተኛለች። አንዱ ገጽ ትንሽ ዘመም ብሎ ወጣ። «ይበቃል፣ ይነበባል» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ወረቀቱን ወደ ቆሻሻው ጣለችውና መጽሐፉን በሁለት እጇ አስተካክላ እንደገና አስተኛችው።