ነጻነት ተራ ይጠብቃል ወይ?

«ዝም አይነቅዝም» እየተባልን አደግን። ያልተናገሩት ነገር እንደ ጎተራ እህል ተባይ አይበላውም፣ ዝም ያለ ሰው አይጸጸትም ማለት ነው። ምክሩ ለጎረቤት ጠብ ሳይበጅ አይቀርም። በሌላ ሰው ላይ የሚደርስ በደል እያዩ ዝም ማለትስ? ይህን ጥያቄ ሁላችንም በሰበብ አስባቡ ከምንሸሸው ጉዳይ፣ ከተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ሰብአዊ መብት ጋር አያይዘን ልናነሣው ወደድን።

ምሳሌያችን ደቡብ አፍሪቃ ነው። ሳይመን ንኮሊ የሶዌቶ ልጅ፣ የተማሪዎች ንቅናቄ ታጋይ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1984 በቫል አካባቢ ሕዝቡ የቤት ኪራይ ጭማሪን ተቃውሞ ሲነሣ ንኮሊም ተያዘ፤ ከሌሎች 21 ሰዎች ጋር ዴልማስ በተባለች ከተማ በአገር ክህደት ተከሰሰ። ክሱ እስከ ሞት የሚያደርስ ነበር። እስር ቤት ሳለ ወንድ አፍቃሪ መሆኑን ለጓዶቹ ገለጠላቸው። ታዲያ ምን ሆነ? አንዳንዶቹ ደነገጡ፤ የትግሉን ስም ያጎድፍብናል፣ ከእሱ ጋር በአንድ መዝገብ አንቆምም እስከ ማለት ደረሱ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እነዚህ ሰዎች ጨቋኞች አልነበሩም፤ ለነጻነት አንገታቸውን የሰጡ ናቸው። ሐሳባቸው ግን እኛም በየመኝታ ክፍላችን የምንሰማው ነው፦ «መጀመሪያ ትልቁ ነጻነት ይምጣ፣ የእናንተ ኋላ ይደርሳል።» ለመሆኑ ተራ አስጠባቂው ማነው? ሁልጊዜ የራሱ ተራ ቀድሞ የደረሰለት ሰው አይደለም እንዴ?

ክርክሩ በእስር ቤት ቀጠለ፤ በመጨረሻም አብረው ቆሙ። ንኮሊ በ1988 በነጻ ተለቀቀ። በ1990 ጆሃንስበርግ ላይ በተደረገው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች የመጀመሪያ የአደባባይ ሰልፍ፣ ጥቁር መሆኑንና ወንድ አፍቃሪ መሆኑን ሁለት የተለያየ ትግል አድርጎ ሊከፍላቸው እንደማይችል ተናገረ። ከተከሳሾቹ አንዱ የነበረው ሞሲዋ ሌኮታም፣ አፓርታይድን ለመጣል ትከሻውን የሰጠ ሰው እንዴት አድልዎ ይደረግበት እንላለን ሲል ኋላ መስክሯል። የ1996ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 በፆታ ዝንባሌ ምክንያት አድልዎ ማድረግን ከለከለ። ሕጉ ወጣ ማለት ጥቃቱ ቆመ ማለት አይደለም፤ ግን የተበደለ ሰው አቤት የሚልበት በር ተከፈተ።

«ባህላችን አይደለም፣ ሃይማኖታችን ይከለክላል» የሚሉ አሉ። እምነታቸውን እናከብራለን። ግን እምነት የራስ ኑሮ መምሪያ ነው ወይስ የሌላው ሰው መታሠሪያ? ውደዱ፣ አመስግኑ ያለን የለም እኮ። የተጠየቅነው ቀላል ነው፤ ሁለት አዋቂ ሰዎች በፈቃዳቸው ስለ ተፋቀሩ ወኅኒ ይውረዱ ወይስ አይውረዱ? ዛሬም ከ60 በላይ አገሮች ይውረዱ ይላሉ። በ2023 የወጣው የኡጋንዳ ሕግ በአንዳንድ ሁኔታ እስከ ሞት ይቀጣል። የእኛም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ወንጀል ያደርገዋል።

ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ምናልባት አንዱ ጓደኛችን በምግብ አዳራሹ አጠገባችን ተቀምጦ፣ ስለ እሱ መሰሎች በምንቀልደው ቀልድ አብሮን እየሳቀ ይሆናል፤ ሳቁ ግን ፍርሃት ነው። እኛ ደፋሮች ነን ብለን አንመጻደቅም፤ ስንስቅ የኖርን ነን። ቢያንስ ግን ቀልዱን ማቆም፣ ድብደባውንም ድብደባ ነው ብሎ መናገር ከእኛ ይጠበቃል።

ዝምታ ይነቅዛል። የሚነቅዘውም በተበደለው ሰው ውስጥ ሳይሆን በእኛ፣ ዝም ባልነው ውስጥ ነው።