ውክልና፡ በአደራ የተሰጠ እጅ



ሰው ራሱ ሊደርስ በማይችልበት ቦታ ሌላውን በእግሩና በእጁ ምትክ ይልካል። ሱረቱል ከህፍን (18፡19) የምታነቡ ሁሉ እንደምታስታውሱት፣ የዋሻው ሰዎች ከእንቅልፋቸው በነቁ ጊዜ ከመካከላቸው አንዱን ብር አስይዘው ምግብ እንዲያመጣላቸው ወደ ከተማ ልከውታል። ዑለሞች ይህን አንቀጽ ለውክልና (ወካላ) ማስረጃ አድርገው ይጠቅሱታል። ዛሬ ደግሞ ባሕር የሚያቋርጠው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። ጂዳ ያለው ወንድማችን አዲስ አበባ ባለው ድርጅቱ ስብሰባ ላይ መገኘት ስለማይችል፣ በእርሱ ስም የሚፈርምለት ሰው ይወክላል። ነገሩ ተራ ይመስላል። ነገር ግን ብዙዎቻችን ቆም ብለን የማናስበው ጥያቄ አለበት፦ በሌላው ስም የሚፈርም ሰው የሚፈርመው በማን እጅ ነው?

በ2011 (እ.ኢ.አ.) አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ የሰፈራችን ነጋዴ መስጂድ ውስጥ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ታናሽ ወንድሙ ለብዙ ዓመታት ጂዳ ሲሠራ የኖረ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ገንዘባቸውን አዋጥተው የግንባታ ዕቃ የሚያስመጣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁመዋል። ታናሹ ጂዳ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ቀርቦ፣ ታላቁ በእርሱ ስም ቃለ ጉባኤ እንዲፈርም፣ ድርሻውን እንዲሸጥና እንዲለውጥ ውክልና ሰጠ። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስ የቆንስላው ማኅተም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋገጠ፤ ከዚያም በተለምዶ “ውልና ማስረጃ” በምንለው መሥሪያ ቤት ተመዘገበ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ታላቁ ሁለት ጊዜ ይፈርማል፤ አንዴ ስለ ራሱ፣ አንዴ ስለ ወንድሙ።

“ኡስታዝ” አለኝ፣ “ወንድሜ ባለፈው ጁሙዓ ወደ አኺራ ሄደ።”

ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን ብዬ ላጽናናው ስጀምር ንግግሩን ቀጠለ። “ከነገ ወዲያ የወንድሜን ድርሻ ከሚገዛው ሰው ጋር የመፈራረም ቀጠሮ አለኝ። በዋጋው ወንድሜ ራሱ በስልክ ተስማምቶበታል። ውክልናው በእጄ ነው። መሞቱን እዚህ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት የለም። ካልፈረምኩ ሚስቱና ልጆቹ በፍርድ ቤት ይንከራተታሉ፤ ገዢውም አይጠብቅም። ከገንዘቡ አንድ ሳንቲም አልፈልግም። ልፈርም?”

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን ሰው በክፉ አትጠርጥረው። ሟቹ ወንድ ልጅ ስላለው ወንድም ከውርሱ ድርሻ የለውም። የሚደክመው ለሌሎች ነበር። ጥያቄውንም ከባድ ያደረገው ይኸው ነው። ሌባ “ልስረቅ ወይ?” ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አያስቸግርም። ቅን ሰው በቅን ልቡ “ልዋሽ ወይ?” ብሎ ሲጠይቅ ግን የሚመልስለት ሰውም ልቡ ይፈተናል። እኔም በዚያች ደቂቃ “የየቲሞች ጥቅም ነውና ፈርም” ለማለት ከንፈሬ ላይ ደርሶ እንደነበር አልሸሽጋችሁም።

ባሕር ያቋረጠው ውክልና

ለእኛ ለሐበሻ ሙስሊሞች ድንበር የተሻገረ ውክልና እንግዳ ነገር አይደለም። ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ.) ወደ ሐበሻ ተሰደው ሳሉ ባላቸውን አጡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመዲና ዐምር ኢብኑ ኡመያን ወደ ነጃሺ ልከው ኒካሕ አሳሰሩ። በታወቀው የሲራ ዘገባ ነጃሺ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምትክ ሆኖ ውሉን ፈጸመ፤ 400 ዲናር መህርም ከራሱ ከፈለ። ኡሙ ሐቢባም በበኩላቸው ኻሊድ ኢብኑ ሰዒድን ወኪላቸው አደረጉ። ባልና ሚስት በቀይ ባሕር ወዲያና ወዲህ ሆነው፣ ውሉ በሁለት ታማኝ ሰዎች አንደበት ጸና።

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ጃቢር (ረ.ዐ.) ወደ ኸይበር ሊሄዱ ሲሰናበቱ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እዚያ ካለው ወኪላቸው 15 ወስቅ እንዲቀበሉ አዘዟቸው። ወኪሉ ምልክት ከጠየቀም እጃቸውን በአንገቱ ሥር ባለው አጥንት ላይ እንዲያሳርፉ ነገሯቸው። እንግዲህ ልብ በሉ! ወኪሉ ምልክት መጠየቁ እንደ ነውር አልተቆጠረም። የዛሬው የቆንስላ ማኅተም፣ የሚኒስቴሩ ማረጋገጫ፣ የመዝገብ ቁጥሩ ሁሉ ሥራው ያ ምልክት ነው። “ይህ ሰው የሚናገረው የላከውን ሰው ቃል ነው” ብሎ ይመሰክራል።

ነገር ግን ማኅተም የሚመሰክረው ወረቀቱ በተጻፈበት ቀን ስለነበረው ነገር ብቻ ነው። ዛሬ ጂዳ ውስጥ ያ ሰው ይኑር አይኑር፣ ሐሳቡን ይቀይር አይቀይር ማኅተሙ አያውቅም። ያንን የሚያውቀው ወኪሉ ነው። ከወኪሉ በላይ ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) ያውቃል። ርቀት ለወኪል መጋረጃ ይሆንለታል፤ የአማናው ፈተናም ከዚያ መጋረጃ ኋላ ነው።

ከሞት በኋላ የሚፈርም እጅ

ወደ ሰውየው ጥያቄ እንመለስ። በወንድምህ ስም ስትፈርም “እርሱ ይህንን ዛሬ ይፈቅዳል” ብለህ እየመሰከርክ ነው። ሟች ግን በዱንያ ጉዳይ ላይ ፈቃድ የለውም። ንብረቱም ነፍሱ በወጣች ጊዜ ከእጁ ወጥቷል። ዕዳውና ኑዛዜው ከተፈጸመ በኋላ ለሚስቱ አንድ ስምንተኛ፣ በሕይወት ላለች እናቱ አንድ ስድስተኛ፣ የቀረው ለወንድና ሴት ልጆቹ ነው። ስለዚህ ያ ፊርማ ከእንግዲህ የወንድሙን ንብረት ሳይሆን የየቲሞችን፣ የባልቴትንና የአሮጊትን ንብረት የሚሸጥ ነው። እነርሱ ደግሞ አልወከሉትም። የየቲም ገንዘብ በምን ዓይነት ከባድ ማስጠንቀቂያ እንደታጠረ ሱረቱን ኒሳእን (4፡10) የሚያነብ ያውቃል።

ፉቀሃዎች ውክልና በወካዩ ሞት እንደሚፈርስ ተስማምተዋል። የ1952ቱ የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በስተቀር፣ ውክልና በወካዩ ሞት ቀሪ ይሆናል ይላል። በዚያ ወረቀት ላይ ደግሞ ሌላ የሚል ቃል አልነበረም።

ሰውየው ግን የተማረ ነውና ዝም አላለም። “ዑርዋስ?” አለኝ። ቡኻሪ እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዑርዋ አል-ባሪቂ (ረ.ዐ.) በግ እንዲገዛላቸው አንድ ዲናር ሰጡት። እርሱ በዲናሩ ሁለት በግ ገዝቶ፣ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጦ፣ በግም ዲናርም ይዞ ተመለሰ። እርሳቸውም በንግዱ በረከት እንዲያገኝ ዱዓ አደረጉለት። “ዑርዋ ከታዘዘው አልፎ ሠርቶ የለምን? ለባለቤቱ ጥቅም እስከሆነ ድረስ ምን አለበት?”

ጥያቄው ጥሩ ነበር። መልሱም እዚያው ታሪኩ ውስጥ አለ። ዑርዋ የሠራውን ይዞ ወደ ላከው ሰው ተመለሰ። ምንም ሳይደብቅ አሳየ። የላከውም በሕይወት ነበረና ሥራውን ወደደለት። የአንተ ወንድም ግን ተመልሰህ የምትነግረው፣ “ደግ አደረግህ” ብሎ የሚያጸድቅልህ ሰው አይደለም። ማጽደቅ የሚችሉት ወራሾቹ ናቸው። እንግዲያው ወደ እነርሱ ሂድ። ደግሞም የገዢውን ሐቅ አስብ፤ በሞተ ሰው ውክልና የተፈረመ ሰነድ ይዞ ነገ ክርክር ቢነሳበት ማንን ይይዛል? አልኩት።

አንገቱን ደፍቶ ብዙ ቆየ። ከዚያም “እውነቱን ልንገረው” ብሎ ተነሣ።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ ወዲያው በመልካም አለቀ ብዬ አላታልላችሁም። ገዢው አልጠበቀም። ቤተሰቡ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ወራሽነታቸውንና የልጆቹን ሞግዚትነት እስኪያስወስን ወራት ፈጀ። ድርሻው በመጨረሻ ሲሸጥ ዋጋው ከፊተኛው ያነሰ ነበር። አንዳንድ ዘመዶችም “በኡስታዝ ምክር ከሰርን” ብለዋል። የሟቹ ባለቤት ግን ለሽማግሌዎች እንዲህ አለች፦ “ልጆቼ አድገው የአባታችንን ድርሻ ማን ሸጠው ብለው ሲጠይቁኝ፣ እኛው ነን ብዬ እመልሳለሁ። ሌላው ሪዝቅ ነው።”

ጠባብ ወረቀት ስድብ አይደለም

ከዚህ ሁሉ በኋላ የማስተላልፈው ምክር በውጭ ላላችሁ ወካዮችም፣ እዚህ ላላችሁ ወኪሎችም ነው።

አንዳንዱ ወንድሙን ሲወክል ሥልጣኑን መገደብ አለማመን ይመስለዋል። “ሁሉንም እንደ እኔ ሆኖ ይሥራ” ብሎ ያጽፋል። ወንድምህን የምትወደው ከሆነ ምን እንዲፈርም፣ እስከ መቼ እንዲፈርም ለይተህ ጻፍለት። ሰፊ ሥልጣን ለሰጪው ብቻ ሳይሆን ለተቀባዩም ፈተና ነው። ሕጉም ቢሆን በጥቅሉ የተሰጠ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም ይላል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ይጠይቃል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ (2፡282) ዕዳን በፍትሕ በሚጽፍ ጸሐፊ እንድናጽፍ ማዘዙ ለጠላቶች ብቻ የተነገረ አይደለም። ሳዑዲ ውስጥ ውክልና የሚያረጋግጠው ሹም “ካቲቡል ዐድል” መባሉም ይህንኑ ቃል ያስታውሰናል።

ውክልናውን ስታነሣም በስልክ ቁጣ ብቻ አትተወው። በ2008 የወጣው አዋጅ ቁጥር 922 የውክልና ሰነድም ሆነ መሻሪያው እንዲረጋገጥና እንዲመዘገብ ያዛል። እንዲሁም ወኪልህ ሳያጠፋና ሳይዘናጋ ገበያ ቢወድቅ ኪሳራውን በእርሱ ላይ አትጫን፤ በሸሪዓ የወኪል እጅ የአማና እጅ ነው።

አንተ ወኪል ሆይ! ወካይህ ራሱ ቢሆን ሊፈርመው የማይፈቀድለትን በእርሱ ስም አትፈርም። ያልተደረገን ስብሰባ “ተደረገ” የሚል ቃለ ጉባኤ፣ ያልገባን ገንዘብ “ገባ” የሚል ሰነድ በውክልና ስለተፈረመ እውነት አይሆንም። የፈረምከውን ሁሉ ሳትጠየቅ አሳውቅ። ሥልጣንህ ያበቃ ዕለትም ወረቀቱን መልስ። አማናን ለባለቤቷ መመለስ (4፡58) የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የተዋስነውን እጅም መመለስ ነው።

ያ ነጋዴ ውክልናውን ለፍርድ ቤት መዝገብ ባስረከበ ማግስት አግኝቼው ነበር። “ኡስታዝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ፊርማ ብቻ ፈርሜ ዋልኩ” አለኝ። ሐዘኑ ፊቱ ላይ ነበር። እፎይታውም እንዲሁ።

አላህ (ሱ.ወ.) የተሰጣቸውን አማና ሰው በማያያቸውም ቦታ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።