ባለቤቱ ከተነገረው በኋላ

በሆሳዕና አንድ ቤተሰብ ብቻውን የሚኖርበት ግቢ እያነሰ መጥቷል። ፊት ለፊት ባለቤቱ፣ በጓሮ በኩል በተደረደሩት ሰርቪስ ቤቶች ደግሞ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ፣ ከሾኔ ተዛውራ የመጣች ነርስ፣ ከዱራሜ የመጣ ነጋዴ ይኖራሉ። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ከተማዋ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለችና ቤት ፈላጊው በርክቷል። ከብረት በሩ አጠገብ ውሻ ታስሯል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ባጃጅ ባለፈ፣ ሰው ድምፁን ከፍ ባደረገ፣ ድመት በአጥር በተሻገረች ቁጥር ይነሳል። የጎረቤት ውሻ ይቀበለዋል፤ ከዚያ ሠፈሩ በሙሉ። ማለዳ ሥራ የምትገባው ነርስ ዓይኗ ሳይከደን ይነጋል። መናኸሪያው አካባቢ አልጋ ይዞ ያደረ መንገደኛም የጎደለውን እንቅልፍ አውቶቡስ ውስጥ ይሞላል።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ውስጡ ግን የቆየ ጥያቄ አለ። ክፉና ደጉን የማይለይ ፍጥረት ሰውን ሲያውክ ተጠያቂው ማነው? ሰው በገዛ ግቢው የሚያኖረው ነገር በሌላው ዕረፍት ላይ እስከ ምን ድረስ መብት አለው? ሆሳዕና ባለችበት በሐዲያ ዞን ከአራት ሰው ሦስቱ ያህል ፕሮቴስታንት ነው፤ ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም ከእሱ ጋር በአጥር ይዋሰናል። ሁሉም ጎረቤቱን እንዲወድ ታዟል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይህ ትእዛዝ ምን እንደሚጠይቅ ግን ብዙ አልተነገረም።

ውሻው ጥፋተኛ አለመሆኑ አስቀድሞ ሊነገርለት ይገባል። በሐዲያና በከምባታ ገጠር ቤቱ በእንሰት ተከቦ ነው የሚቆመው። ከብቱ ማታ ከሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር ያድራል፤ ውጭ የሚያድረው ውሻ ነው። ጅብ ሲመጣ፣ ጃርት እንሰት ውስጥ ሲገባ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። የአንዱ ቤት ውሻ ሲጮኽ ማዶ ያለውም ሰው ይነቃል፤ ጩኸቱ የሁሉም ጥበቃ ነበር። ነቢዩ ኢሳይያስም በ56ኛው ምዕራፍ ሰነፍ ጠባቂዎችን ሲወቅስ የመሰላቸው መጮኽ በማይችሉ ውሾች ነው። በነቢዩ ሚዛን የሚያስነቅፈው ዝም ያለው ውሻ ነው።

ጅቡም ተረት አልሆነም። የኢትዮጵያ ከተሞች በቄራና በሥጋ ቤት ተረፈ ምርት ጅብን እስከ ደጃፋቸው ያስጠጋሉ። በትግራይ የተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ጅቦች ወደ አህያ አደን ያዘነብላሉ። የሰው ጾም የጅቡን መንገድ ይለውጣል፤ ጅቡ ወደ ግቢዎች ሲጠጋ ደግሞ ውሻው ይሰማል። እንዲህ ባለ አገር ውሻ የሚያኖረውን ሰው ቅንጡ ማለት አይቻልም።

የተለወጠው ግቢው ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የያኔው ከምባታ ጠምባሮ ዞን 680,837 ነዋሪ ነበረው፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ500 ሰው በላይ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ዱራሜም፣ ሺንሺቾም፣ ሆሳዕናም አድገዋል። በተለይ ደቡብ አፍሪካ ሄደው በንግድ የተሰማሩት የአካባቢው ልጆች በላኩት ገንዘብ ብሎኬት አጥር ያላቸው ቤቶች ቆመዋል። አባት ወይም ልጅ ሩቅ አገር ነው፤ ቤት ውስጥ እናት፣ አያትና ሕፃናት አሉ። ውሻው የራቀውን ወንድ ቦታ እንዲሸፍን ይጠበቅበታል። ይህ ፍርሃት እውነተኛ ስለሆነ ሊከበር ይገባዋል። ጩኸቱ ግን አጥር አያቆመውም፤ በገጠር እንሰቱና ርቀቱ የሚያለዝቡት ድምፅ እዚህ በብሎኬትና በቆርቆሮ መሀል እየተጋጨ ይጎላል።

በዚህ ላይ ሰንሰለቱ አለ። ቀኑን ሙሉ በአንድ ቦታ ታስሮ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ የሚያጫውተው ሳያገኝ፣ በበሩ ክፍተት መንገደኛን ሲያይ የሚውል ውሻ ማታ ዝም እንዲል መጠበቅ አይቻልም። በሃንጋሪ የኤትቨሽ ሎራንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የተለያየ የውሻ ጩኸት ቀድተው ለሰዎች አሰምተው ነበር። ውሻ አሳድገው የማያውቁት ሳይቀሩ እንግዳ ሰው ላይ የሚጮኸውን፣ ብቻውን ታስሮ የሚጮኸውንና በጨዋታ የሚጮኸውን በግምት ከሚጠበቀው በላይ መለየት ችለዋል። እንግዲያው ከአጥሩ ወዲያ የተኛው ጎረቤት የሚሰማውን ያውቃል ማለት ነው። ብዙውን ሌሊት የሚሰማው ሌባ መጣ የሚል አይደለም፤ ብቻዬን ነኝ የሚል ነው።

ወደ ተጠያቂነቱ ስንመለስ፣ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ላይ ስለሚዋጋ በሬ የተጻፈው ሕግ የዚህን ጉዳይ ቁልፍ ይዟል። በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ንጹሕ ነው። በሬው ግን ከቀድሞ ጀምሮ ተዋጊ ከነበረ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ፣ ዕዳው በራሱ በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ከሁለቱ ፍርዶች መካከል የቆመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መነገሩ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ነገሩ የእንስሳ ጠባይ ነበር። ከተነገረ በኋላ የሰው ምርጫ ይሆናል።

ከዚህ ሕግ ሁለት ግዴታ ይወጣል፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ባለቤቱ ከሰማ በኋላ ማድረግ አለበት። ጎረቤቱ ደግሞ ከመማረሩ በፊት መናገር አለበት። ወራት ሙሉ ዝም ብሎ ቂም የያዘ ሰው በባለቤቱ ላይ ሊፈርድ አይችልም፤ ባለቤቱ በራሱ ውሻ ድምፅ ተለማምዶ ሊሆን ይችላልና። የሚተኛው በወፍራም ግድግዳ ውስጥ፣ ከበሩ ርቆ ነው፤ ተከራይዋ የምትተኛው ከሰንሰለቱ በጥቂት እርምጃ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ድንገት ያመለጠው ቢሆንም እንኳ። ለድምፅ የበለጠ የሚቀርበው ግን አንቀጽ 1225 ነው። የንብረት ባለቤት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል፤ ጢስ፣ ሽታ፣ ድምፅና መንቀጥቀጥ ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፉ ያዛል። ልኩን ለመለየትም የአካባቢው ልማድ እንዲታይ ይላል። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው ይህ ሕግ ሚዛኑን መልሶ ለሠፈሩ ሰው መስጠቱ አስተዋይነት ነው። አገሪቱ ለመኖሪያ ሠፈር ያወጣችው የድምፅ መጠን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ በቅርብ የሚጮኽ ውሻ ይህን በብዙ ሊያልፍ ይችላል። ቢሆንም ለአንድ ውሻ ብሎ መለኪያ ይዞ የሚመጣ መሥሪያ ቤት የለም። የሚመጡት ሽማግሌዎች ናቸው።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ግን ከባድ ጥያቄ ሊገጥማቸው ይችላል፤ ጎረቤትን የሚያውከው የውሻ ድምፅ ብቻ ነው ወይ? መጽሐፈ ምሳሌ በ27ኛው ምዕራፍ ማልዶ በታላቅ ድምፅ ጎረቤቱን የሚባርክ ሰው ምርቃቱ እንደ እርግማን እንደሚቆጠርበት ያስጠነቅቃል። ይህ ቃል ለውሻ አልተጻፈም፤ መልካም ነገር ይዞ ለሚጮኽ ሰው ነው የተጻፈው። ሆሳዕና ውስጥ የሌሊት ጸሎት፣ የመዝሙር ልምምድ፣ የአዛን፣ የቅዳሴና የሠርግ ድምፅ በማጉያ ይወጣል። የሚያስጮኸው ሁሉ ምክንያቱ መልካም እንደሆነ በቅንነት ያምናል፤ የውሻው ባለቤትም እንደዚሁ። ስለዚህ በጎረቤቱ ውሻ የሚማረር ምእመን በዚያው ሚዛን የራሱን ድምፅ ማጉያ ወደ ማን መስኮት እንዳዞረው ማየት ይገባዋል። ፍርዱ ለውሻ ብቻ ከሆነ ሰው አይቀበለውም፤ ባይቀበለውም እውነት አለው።

በእስልምና በኩል ነገሩ ሁለት ገጽ አለው። ለመንጋ፣ ለአደንና ለእርሻ ጥበቃ ውሻ ማኖር የተፈቀደ ነው፤ ያለ ምክንያት በቤት ማኖር ግን ይጠላል። ያም ሆኖ የዋሻው ሰዎች ውሻ በቁርኣን ሱረቱል ካህፍ ከእነሱ ጋር ተጠቅሷል፤ ለተጠማ ውሻ ውኃ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተማረለትም በሐዲስ ተነግሯል። ስለ ጎረቤት ደግሞ መልአኩ ጂብሪል ደጋግሞ ከመምከሩ የተነሳ ነቢዩ ሙሐመድ ጎረቤት ወራሽ ሊደረግ ነው ብለው እስኪያስቡ ደርሰው ነበር። ለውሻው ማዘን፣ ጎረቤቱን ማክበር፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ የተጣሉ ግዴታዎች ናቸው።

ኦርቶዶክሶችና ካቶሊኮች በሚቀበሉት በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦቢያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ሲጓዝ ውሻው ይከተለዋል። በቃለ ሕይወትና በመካነ ኢየሱስ ምእመናን እጅ ባለው 66ቱ መጽሐፍ ይህ ታሪክ የለም፤ ሊነበብ ግን ይገባዋል። ውሻው ምንም አይሠራም፣ ምንም አይናገርም፤ አብሮ ሄዶ አብሮ ይመለሳል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ አይሁዳዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ሌቪናስ በጀርመኖች ምርኮ ሳለ ያገኘውን አንድ ባዘኔ ውሻ በ1975 እ.ኤ.አ. በጻፈው አጭር ድርሰት አስታውሷል። ጠባቂዎቹም ሆኑ አላፊ አግዳሚው ምርኮኞቹን እንደ ሰው አይቆጥሯቸውም ነበር። ከሥራ ሲመለሱ በደስታ እየጮኸ የሚቀበላቸው ውሻው ብቻ ነበር። ስሙን ቦቢ ብለውት ነበር፤ በእኛም አገር ስንቱ ግቢ ውስጥ የሚጠራ ስም ነው። ለእነዚያ ሰዎች ያ ጩኸት ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥላቸው ድምፅ ነበር።

ለዚህ ነው ውሻን መመረዝ ይቅር የማይባለው። በኢትዮጵያ ከተሞች ባለቤት አልባ ውሾችን ስትሪክኒን በተቀባ ሥጋ መግደል ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ኖሯል፤ እብድ ውሻን መፍራትም እንደ ምክንያት ይቀርባል። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ መድኃኒቱ ግን ክትባት ነው። ከከተማ አስተዳደሮች የተማረ የሚመስል ግለሰብ ደግሞ እንቅልፍ ያሳጣውን የጎረቤት ውሻ በአጥር በኩል በተወረወረ ሥጋ ይገላግላል። ስትሪክኒን ጡንቻን እያኮማተረ፣ ፍጡሩ ነፍሱን ሳይስት የሚገድል መርዝ ነው። ሥጋውን ድመት ሊበላው፣ ሕፃን ሊያነሳው ይችላል። በኦሪቱ ሚዛን ደግሞ ባለቤቱ ሳይነገረው ተፈርዶበታል፤ ቅጣቱን የተቀበለውም ሰንሰለቱን ያልመረጠው ነው።

መናገሩ ራሱ ወግ አለው። በሌሊት በር ደብድቦ መጮኽ ጩኸት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ቀን፣ ቡና ሲፈላ ወይም ከእድር መልስ፣ ለብቻ መሆን አለበት። «ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? ልጆቹስ ከወዲያ ደወሉ? አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር፤ ማታ ውሻችን እንቅልፍ አሳጥቶኛል።» «ውሻዎ» ከማለት «ውሻችን» ማለቱ ነገሩን ያለዝበዋል፤ ሠፈሩን ስለሚጠብቅም ሐሰት የለበትም። ጋሼም «እኔ እኮ አይሰማኝም ልጄ» ቢሉ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ አንድ ምሽት ከሰርቪስ ቤቱ ደጃፍ እንዲቀመጡ መጋበዝ ነው። የከምባታ መንደሮች ሴራ የሚሉት የጉርብትና ሥርዓት ለኀዘንና ለእርቅ ሰው እንዳሰባሰበ ሁሉ ከተሜው እድርም የተነገረውንና ያልሰማውን ለመዳኘት ይበቃል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ ሽማግሌው ከሚመግበው እጅ መጀመሩ ተገቢ ነው።

ባለቤቱ የሚመልሰው የታወቀ ነው፤ «ዝም ካለ ሌባ ሲመጣ ማን ይነግረኛል?» ይላል። መልስ የሚሻ ጥያቄ ነው። ለባጃጁም፣ ለድመቷም፣ ለጨረቃውም የሚጮኽ ውሻ ሌባ የመጣ ዕለት ማንንም አያስነሳም፤ ሠፈሩ መስማት ትቷል። ቀን ተፈቶ የሚንጎራደድ፣ ማታ ከመንገድ በር ርቆ ጓሮ የሚተኛ፣ በበሩ ክፍተት መንገደኛን የማያይ ውሻ ሲጮኽ ግን ባለቤቱም ጎረቤቱም ባትሪ ይዞ ይወጣል። ለጎረቤት ተብሎ የተደረገው ለቤቱም ጥበቃ ይሆናል።

አስቸጋሪው ባለቤቱ ራቅ ያለ ጊዜ ነው። ቤቱ ሆሳዕና፣ ባለቤቱ ጆሃንስበርግ፣ ውሻውን የሚመግበው ለቤት ጥበቃ የተቀመጠ የዘመድ ልጅ ነው። ልጁ «የእኔ አይደለም» ይላል። ባለቤቱ አልሰማም። አንቀጽ 2072 እንስሳውን ተረክቦ የያዘውንም ሰው ኃላፊ ስለሚያደርግ ልጁ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም፤ ሰንሰለቱን ለመፍታት ግን ፈቃድ የለውም። እዚህ ላይ ሽማግሌው የቤት በር ከማንኳኳት አልፎ ስልክ መደወል ይኖርበታል። ልጁ ራሱ መናገር ቢከብደውም ለሽማግሌ ስልክ የማያነሳ የአገር ልጅ ብዙ አይደለም። የሚጠየቀውም ጥቂት ነው፤ ውሻው ቀን ቀን እንዲፈታ፣ ማታ ከበሩ ተነስቶ ወደ ጓሮ እንዲዞር፣ የእብድ ውሻ ክትባቱ እንዲሰጠው፣ ልጁም ጎረቤት ሲያስቸግረው በራሱ የመወሰን ፈቃድ እንዲኖረው። ባለቤቱ ይህን በጆሮው የሰማበት ዕለት ለእድሩ ዳኛ ይነገራል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተነግሮታል።