ገንዘቡ ቢያንስ ባለሙያው አይነስ

  

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶች ከዲን የራቀ ሊመስላቸው ይችላል። ጉዳዩ የጣሪያ፣ የቧንቧና የፍሳሽ ነውና። ነገር ግን ከላይኛው ፎቅ የሚወርደው ቆሻሻ ውኃ በታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ጠብ ሲል፣ መስገጃው ሲነጀስ፣ ሕፃናት በእርጥበት ሲታመሙ ነገሩ የጎረቤት ሐቅ፣ የጠሃራና የአማና ጉዳይ ይሆናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይኛውና ታችኛው ወለል ላይ ስለተሳፈሩ የመርከብ ሰዎች የሰጡት ምሳሌ በጋራ መኖሪያ ቤት ለምንኖር ሰዎች ምንኛ የቀረበ ነው! አንዱ በድርሻዬ ላይ ቀዳዳ ልክፈት ሲል ዝም ከተባለ የሚሰምጠው ሁሉም ነው።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ይህንኑ በሕግ ቋንቋ ደንግጓል። ቤቱ የየግላችን ነው፤ እንደ ጣሪያ፣ ደረጃና ዋና የፍሳሽ መስመር ያለው ግን የጋራችን ነው፤ የጋራውን የመጠበቅና የመጠገን ኃላፊነትም የባለቤቶቹ ማኅበር ነው። እንደ ጎተራና ጀሞ ባሉ መንደሮች ያሉ ሕንጻዎች ከተሠሩ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። ወርኃዊው መዋጮ ግን ለጥበቃና ለጽዳት ቢበቃ ነው። ትልቅ ጥገና ሲመጣ ካዝናው ባዶ ይሆናል።

ያን ጊዜ ብዙ ማኅበራት ምን ያደርጋሉ? ያለችውን ገንዘብ ይዘው በርካሽ የሚሠራ ሰው ይፈልጋሉ። እኔ በምኖርበት ሕንጻም አንድ ዓመት የደረጃው ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁ በሲሚንቶ ተደፍኖ ቀለም ተቀባ። ክረምቱ ሳያልቅ ስንጥቁ ሰፍቶ ተመለሰ። አንድ ልምድ ያለው መሐንዲስ ቢጠየቅ ኖሮ ስንጥቅ ምልክት እንጂ በሽታው እንዳልሆነ ይናገር ነበር። ከጣሪያ ወይም ከቧንቧ የሾለከ ውኃ ኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ብረት ያዝገዋል፤ የዛገ ብረት ያብጣል፤ ሲያብጥም ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ውኃው ሳይዘጋ የተቀባ ቀለም የተጣለ ገንዘብ ነው።

ወንድሞችና እህቶች! ገንዘብ ያጠረው የጋራ ጥገና አዲስ ነገር አይደለም። በአላህ ቤት በከዕባም ደርሷል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዕድሜያቸው 35 ዓመት ገደማ ሳለ፣ ነቢይነት ከመምጣቱ በፊት፣ የከዕባ ግድግዳ በጎርፍ ተጎድቶ ነበር። ቁረይሾች ተመካከሩ። መጀመሪያ በዝሙት ዋጋ፣ በወለድ ወይም በግፍ የተገኘ ገንዘብ እንዳይገባበት ተስማሙ። ቀጥለው ባለሙያ ፈለጉ። በጂዳ ዳርቻ ከተሰበረ መርከብ እንጨት ገዙ፤ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ባቁም ተብሎ የተጠቀሰ ሩማዊ ባለሙያም ሥራውን ያዘ። መርከቡ ወደ ሐበሻ የሚሄድ ነበር የሚል ዘገባ አለ። የኢስላማዊ ኪነ ሕንጻ ተመራማሪው ክሬስዌልም ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ መገንባቱ የአክሱምን አሠራር እንደሚመስል፣ የሰውየው ስምም ዕንባቆም ሊሆን እንደሚችል ጽፏል። የግድግዳው ሥራ ለየጎሳው ተከፋፈለ።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ንጹሕ የሆነው ገንዘብ አልበቃ አለ። ታዲያ ቁረይሾች ርካሽ ግድግዳ አልሠሩም፤ የተጠላውን ገንዘብም አልቀላቀሉም። ሒጅር የሚባለውን ክፍል ከሕንጻው ውጭ ትተው የቀረውን አጽንተው ገነቡ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በኋላ ለእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ምክንያቱን ሲነግሯት ሕዝቦችሽ ወጪው አጠራቸው ብለዋታል። በሥራው ልክ ላይ ቀነሱ፤ በጥራቱና በባለሙያው ላይ ግን አልቀነሱም።

የኛ ማኅበራት የሚሠሩት ተገላቢጦሹን ነው። ሁሉንም ነገር በአንዴ ለመሥራት ሲሉ ባለሙያውን ይቀንሳሉ። ዘንድሮ የትኛው ይሠራ፣ የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ቢቆይ ሰው ይጎዳል የሚለውን ለይቶ የሚያውቀው ግን ልምድ ያለው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ድሃ ማኅበር ከሀብታሙ ይልቅ ባለሙያ ያስፈልገዋል።

እኔ ያደግሁት ጉና ተራራ ግርጌ ነው። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ መጥታችሁ በዚህ ከተማ የምትኖሩ ታስታውሳላችሁ፤ የሳር ቤት ሲከደን ደቦ ይጠራል፣ ጎረቤት ሁሉ ይወጣል። ነገር ግን ሁሉም ጣሪያ ላይ አይወጣም። ክዳን የሚያውቀው ይወጣል፤ ሌላው ሳር ያቀብላል፣ ማገር ያቀርባል። ገንዘብ ባልነበረበት አገር ሙያ ይከበር ነበር። በመዲና መስጊድ ሲሠራም ጠልቅ ኢብን ዐሊይ (ረ.ዐ.) ጭቃ ማቡካት እንደሚችሉበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አይተው ጭቃውን ለእርሳቸው እንዲተዉላቸው አዘዋል። ከከተማ ስንገባ ደቦውን ትተን መዋጮውን ብቻ መያዛችን ያሳዝናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በየሕንጻው ዞረን እንቁጠር። ጡረታ የወጣ መሐንዲስ፣ ዕድሜውን በቧንቧ ሥራ ያሳለፈ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ሒሳብ አዋቂ፣ ውል ማርቀቅ የሚችል የሕግ ሰው በየደረጃው አለ። ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን አንጠይቅ፤ ጣሪያው የሁላችን ነው፤ የባቁምም ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። አራት አምስት ሆነው ሕንጻውን ከጣሪያ እስከ ፍሳሽ ጉድጓድ ይመርምሩ፤ ሥራውን በቅደም ተከተል ይጻፉ። በቅድሚያ ሰው የሚጎዳው፣ ቀጥሎ ውኃ የሚያስገባው፣ በመጨረሻ ቀለሙ። ጣሪያው ከሰኔ በፊት ይያዝ። ሠራተኛ በሦስት የዋጋ ማቅረቢያ ይመረጥ፤ ከክፍያው ጥቂቱ አንድ ክረምት እስኪያልፍ በመያዣነት ይቆይ፤ ይህም በውሉ ይጻፍ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ ዕዳ በጽሑፍና በምስክር እንዲሆን ማዘዙን አንርሳ።

እናንተ ባለሙያዎች! ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን ሕክምናና ሒሳብን፣ እርሻና ሽመናንም ጭምር ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረዋል። አንዱ ካልሠራው ሁሉም ይጠየቅበታል። ማኅበሩ ሲጠራችሁ ጊዜ የለኝም አትበሉ። ማኅበራትም ባለሙያን በነፃ አታድክሙ፤ ጥቂትም ቢሆን ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉት። መዋጮ ያቃታትን ባልቴት በስብሰባ ላይ ስሟን አታንሡ፤ አቅም ያለን ድርሻዋን በሰደቃ እንሸፍን።

የላይኛው ጎረቤት በጣሪያው፣ የታችኛው በፍሳሹ ብቻ የሚጨነቅ ከሆነ ሕንጻው አይድንም። አላህ (ሱ.ወ.) የጎረቤትን ሐቅ ከሚጠብቁት፣ አማናን ለባለቤቱ ከሚያደርሱት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።