ኪኒን ከመጨመርሽ በፊት ደምሽ ይታይ

ልጄ፣ እንቅርትሽ ከወጣ ወዲህ ካልሲየም ሲወርድ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ፤ የከንፈርሽ ዙሪያ ይደነዝዛል፣ ጣቶችሽ ይኮማተራሉ። ከእንቅርቱ ጀርባ የነበሩት የምስር ፍሬ የሚያህሉ አራት ዕጢዎች፣ ፓራታይሮይድ የሚሏቸው፣ በቀዶ ሕክምናው ተጎድተዋልና ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ መዋጥሽ ግድ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያው ካልሲየም ከልክ በላይ ሊወጣ መቻሉ ነው፤ በተለይ አሁን፣ በምታጠቢበት ወራት።

የሚያጠባ ጡት ከእነዚያ ዕጢዎች ያጣሽውን ሆርሞን የሚመስል ነገር ወደ ደም ይለቃል። እሱም ካልሲየምን ከአጥንት ያወጣል፣ በሽንት እንዳይፈስም ይይዘዋል። በእርግዝናሽ ጊዜ ልክ የነበረው ኪኒን ከወሊድ በኋላ ሊበዛብሽ የሚችለው ለዚህ ነው። ያኔ ውኃ ውኃ ይልሻል፣ ሽንት ይመላለስብሻል፣ ሆድሽ ይደርቃል፣ ያቅለሸልሽሻል፣ ሰውነትሽ ይዝላል። ፈረስ ቤት ከተማ ያለ ጎረቤትሽ ሁሉ «አራስ ናት፣ ትደክማለች» ይላል። አንቺም ካልሲየሜ ወረደ ብለሽ ኪኒን ብትጨምሪ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆንብሻል።

ማጥባት ብቻም አይደለም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው የደም ግፊት ኪኒን ካልሲየም በሽንት እንዳይወጣ ያደርጋል። ትውከትና ተቅማጥም ሰውነትን አድርቀው ከፍ ያደርጉታል። ቲቢ ደግሞ ማንም ሳያዘው ቫይታሚን ዲን ወደሚሠራው መልኩ ይለውጠዋል፤ ስለዚህ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም መክሳት ካለብሽ ለሐኪሙ አትደብቂ።

የጤነኛ ሰው ካልሲየም በዴሲ ሊትር ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ላንቺ ሐኪሞች የሚመርጡት ታችኛውን ጠርዝ ነው፤ ያለ ዕጢዎቹ ሆርሞን ካልሲየም በሽንት ስለሚበዛ ጠጠር ያመጣል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ስለዚህ «ከፍ ቢል ምን አለበት» አትበዪ።

ካልሲየም ከፍ ያለበትን ምልክት ካየሽ በራስሽ ኪኒን አትጨምሪ፤ ውኃ እየጠጣሽ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ከዚያ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ቢልኩሽና እዚያም ካልሲየሙን ካልለኩልሽ ባሕር ዳር እንዲልኩሽ ጠይቂ። ግራ ከተጋባሽ ወይም እንቅልፍ ከጣለሽ ግን ንጋትን አትጠብቂ፤ ይህን ለባለቤትሽም ንገሪው። የምትውጪያቸውን ኪኒኖች ከነእሽጋቸው ይዘሽ ሂጂ፤ የትኛውን እንደምትውጪ ማወቅ አለባቸው፤ ካልሲትሪዮል የሚባለው የሚሠራው የቫይታሚን ዲ መልክ ሲቆም በቀናት ይለቃል፣ ተራው ቫይታሚን ዲ ግን ስብ ውስጥ ተከማችቶ ለሳምንታት፣ ለወራትም ሊቆይ ይችላል። ልጅሽን ጡት ስታስጥዪው ደግሞ ፍላጎትሽ እንደገና ስለሚጨምር ያን ጊዜም ተመርመሪ።